ወንዝ ሌሊት ይዞት የሚያልፈው

የወንዝ ውኃ ጥራት የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ሰዓት ነው። መኪናው ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ይነሣል፤ ባለሙያዎቹ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፤ ጠርሙሱ ይሞላል፣ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል፣ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ይወሰዳል። ይህ በወር አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ በጀት ሲጠብ በሦስት ወር አንድ ጊዜ። ከዚያች አንዲት ጠርሙስ የተገኘው ቁጥር የወሩ ወይም የወቅቱ የወንዙ ሁኔታ ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ኒሚክና ጓደኞቹ ይህን ልማድ ትተው ወንዝ ዳር አደሩ። የመረጡት በሞንታናና በአይዳሆ ግዛቶች፣ ቀድሞ ማዕድን ይወጣባቸው ከነበሩ ተራሮች የሚወርዱ 12 ጅረቶችን ነበር። ውኃው ጎድሎ በሚወርድበት ወቅት፣ በ14 ቦታዎች፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ናሙና እየቀዱ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነበር። በአንዳንዶቹ ቦታዎች በውኃው ውስጥ የሟሟው ዚንክ ከሰዓት በኋላ ከነበረው ዝቅተኛ መጠን ተነሥቶ ፀሐይ ልትወጣ ስትል እስከ 500 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ማንጋኒዝ እስከ 306 በመቶ፣ ካድሚየም እስከ 119 በመቶ ጨመሩ። አርሴኒክ በተቃራኒው ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ሲል ታየ።

በእነዚያ ሰዓታት ጎርፍ አልመጣም፤ ወንዙ ውስጥ ፍሳሽ የለቀቀ ፋብሪካም አልነበረም። ለውጡን ያመጣው የቀንና የሌሊት መፈራረቅ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትወጣ በጅረቱ ድንጋዮች ላይ የበቀለው አልጌ ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ይስባል። በዚህ ምክንያት የውኃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ዚንክና ካድሚየም ከድንጋዩ፣ ከደለሉና ከአልጌው ገጽ ጋር ይጣበቃሉ። ሲመሽ አልጌው ሥራውን ያቆማል፣ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ አሲድነቱ ይመለሳል፤ ተጣብቆ የዋለውም ብረታ ብረት ወደ ውኃው ይለቀቃል። አርሴኒክ በውኃ ውስጥ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል ከነዚንክ ተቃራኒ ስለሆነ አካሄዱም ተቃራኒ ነው።

ረፋድ ላይ የደረሰው ባለሙያ ጠርሙሱን በጥንቃቄ ሞልቶ፣ ላቦራቶሪውም በትክክል ለክቶ፣ የተመዘገበው ቁጥር ከሌሊቱ መጠን በብዙ ሊያንስ ይችላል። ማንም ስሕተት አልሠራም፤ ቁጥሩ ግን የዚያች ሰዓት ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ጅረት የሚኖረው ዓሣ ሃያ አራቱንም ሰዓት እዚያው ነው። ከታች ያለው ገበሬም መስኖውን የሚከፍተው ተራው ሲደርሰው ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። ውኃ ራሱ የሚቀዳ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት የሚሠራ መሣሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ሳይንቲስቶች አንድ ሌላ ከባድ እውነት መቀበል ነበረባቸው፤ ውኃውን ከሚያበላሹት አንዱ የሚቀዳው ሰው ራሱ ነው።

ናሙናን የሚያበላሽ እጅ

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ክሌር ፓተርሰን የሚባል ወጣት ኬሚስት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ የመለካት ሥራ ተሰጠው። ዓላማው የምድርን ዕድሜ ማወቅ ነበር። ሥራው ግን አልሄድ አለው፤ በተለካ ቁጥር ከሚጠበቀው እጅግ የበዛ እርሳስ ይገኛል። ምንጩን ሲፈልግ እርሳስ የሌለበት ነገር አጣ። በአየሩ፣ በአቧራው፣ በመስታወት ዕቃው፣ በኬሚካሎቹ፣ በልብሱና በፀጉሩ ሁሉ ነበር። በኋላ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አየሩ የሚጣራ፣ ዕቃው ሁሉ በአሲድ የሚታጠብ ላቦራቶሪ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ምድር 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት ያሳተመው ከዚያ ልፋት በኋላ ነው።

ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕር መለሰ። በሰሜን ምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ ከሥራ ባልደረባው ከሻውሌ ጋር ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናት፣ በጥልቁ ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው እርሳስ አንድ ናኖግራም ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ አንድ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። የላይኛው ውኃ ደግሞ ከጥልቁ በብዙ እጥፍ የበለጠ እርሳስ ነበረበት። በተፈጥሮ ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊሆን አይችልም። እርሳሱ ከላይ፣ ከአየር እየወረደ ነበር፤ አየሩ ውስጥ ያስገባው ደግሞ በአብዛኛው እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው።

ከፓተርሰንና በዘመኑ ከነበሩ ጥቂት ጥንቁቅ ተመራማሪዎች በፊት ስለ ባሕር ብረታ ብረት የተጻፈው ቁጥር አብዛኛው ወደቀ። መለኪያው የባሕሩን ሳይሆን የመርከቡን ብረት ሲቆጥር ኖሯልና። መርከብ ራሱ ብረት ነው፤ ይዝጋል፤ ቀለሙ መዳብ አለበት፤ ከዝገት የሚጠብቁት ጡቦች የሚሠሩት ከዚንክ ነው፤ ጠርሙስ የሚወርድበት ገመድ የተቀባ ሽቦ ነው። በደቡባዊው ውቅያኖስ ላይኛ ውኃ ውስጥ አንድ ሊትር የሚይዘው የሟሟ ብረት ጥቂት ናኖግራም ብቻ ነው፤ በዚህ ሒሳብ አንድ ግራም ብረት ለ180 ሚሊዮን ሊትር ያህል የባሕር ውኃ ይበቃል። ከመርከቡ ጠርዝ የረገፈች የዝገት ቅንጣት የአንድ ጉዞን ልፋት ታጠፋለች።

ወንዝ ላይም ታሪኩ ተመሳሳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 ኸርበርት ዊንደምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ወንዞች በንጹሕ ዘዴ የቀዱትን ናሙና ከመንግሥት ብሔራዊ የወንዞች መዝገብ ጋር አነጻጸሩ። የመዝገቡ ቁጥሮች ከእውነተኛው በላይ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህም አገሪቱ ወንዞቿ ከዓመት ዓመት ይሻሻሉ ይባሱ በዚያ መዝገብ ልታውቅ አትችልም ነበር። የጂኦሎጂካል ሰርቬዩ ራሱ በዚያው ዓመት የሟሟ ብረታ ብረት መረጃዎቹ ከናሙና አወሳሰድ በመጣ ብክለት የተነካኩ መሆናቸውን በይፋ አስታውቆ አሠራሩን እንደገና መሠረተ። ትልቅ ተቋም የዓመታት ሥራውን እንዲህ በግልጽ ሲፈትሽ ማየት የሚያስከብር ነገር ነው፤ የዛሬው ንጹሕ አሠራር የቆመው በዚያ ድፍረት ላይ ነው።

ሁለት ሰው፣ አንድ ጠርሙስ

የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን የናሙና አወሳሰድ መመሪያ የሚከተል ቡድን ወንዝ ዳር ሲሠራ መመልከት ለዓይን እንግዳ ነው። ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንደኛው «ንጹሕ እጅ»፣ ሁለተኛው «ቆሻሻ እጅ» ይባላል። ሁለቱም ጓንት አድርገዋል፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቀዋል። ጠርሙሱ ለቀናት በአሲድ ተዘፍዝፎ፣ እጅግ በተጣራ ውኃ ታጥቦ፣ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆኖ ታሽጎበት መጥቷል።

ቆሻሻ እጅ የውጭውን ከረጢት ይከፍታል፤ ከዚያ በላይ አይነካም። ንጹሕ እጅ እጁን ሰዶ የውስጡን ከረጢት ከፍቶ ጠርሙሱን ያወጣል። ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ቆሟል፤ እሱ የረገጠው ጭቃ ወደ ኋላው ይሄዳል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመጣም። ጠርሙሱን ከውኃው በታች ይከፍታል፣ ያለቀልቃል፣ ይሞላል፣ ክዳኑን እዚያው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይገጥማል። ወደ ውስጠኛው ከረጢት ይመልሰዋል፤ ያሽገዋል። የውጭውን የሚያሽገው ቆሻሻ እጅ ነው። መሣሪያ መያዝ፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ የመኪና በር መክፈት ሁሉ የእሱ ድርሻ ነው። ንጹሕ እጅ በስሕተት አፍንጫውን ከነካ ጓንቱን ይቀይራል። የቡድኑ አባላት በሥራው ላይ ብዙም አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በልምምድ የተያዘ ነው።

ይህን ሥርዓት በየሰዓቱ፣ ሌሊቱን ሁሉ፣ ለወራት መድገም ከሰው አቅም በላይ ነው። ጎርፍ በሚወርድበት ሌሊት ደግሞ ሰውን ወንዝ ውስጥ ማቆም ለሕይወቱ ያሰጋል። የማሽኑ ተራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የማይተኛው ቀጂ

በወንዝ ዳር በብዛት የሚታየው አውቶማቲክ ናሙና ወሳጅ ወገብ የሚደርስ የፕላስቲክ በርሜል ይመስላል። በሆዱ ዙሪያውን 24 ጠርሙሶች ተደርድረውበታል፤ ከላይ ፓምፕና ትንሽ ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠራው በባትሪ ነው። አንድ ረጅም ቱቦ ከማሽኑ ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

የፓምፑ አሠራር ብልህነት አለበት። ውኃው የፓምፑን የብረት አካል ከቶ አይነካም። የሚሽከረከሩ ሮለሮች ለስላሳውን የሲሊኮን ቱቦ ከውጭ እየተጫኑ ውኃውን በውስጡ ይገፉታል። ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ መጀመሪያ አየር ወደ ውጭ ይነፋና ቱቦው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ውኃ ያስወጣል፤ ቀጥሎ አዲስ ውኃ ስቦ ቱቦውን ያለቀልቃል፤ መልሶ ይደፋዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀዳው። ጠርሙሱ ሲሞላ ውኃ አውራጁ ክንድ ወደሚቀጥለው ጠርሙስ ይዞራል።

ማሽኑ በሰዓት ብቻ አይመራም። የወንዙን ከፍታ ከሚለካ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ውኃው መሙላት እንደጀመረ ነቅቶ በየጥቂት ደቂቃው መቅዳት ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ወንዞች የዓመቱ ብረታ ብረት አብዛኛው የሚያልፈው በጥቂት የጎርፍ ቀናት፣ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ነውና። እነዚያን ቀናት ያጣ መዝገብ ዓመቱን ሙሉ ወንዙ ዳር ቢመላለስም ዋናውን ነገር አላየም።

በዚህ ረገድ አውሮፓ ትልቅ ትምህርት ያገኘችው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ሌሊት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ መጋዘን ተቃጠለ። ከ1,000 ቶን በላይ ኬሚካል የነበረበትን እሳት ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ፀረ ተባይና የሜርኩሪ ውህዶችን ይዞ ራይን ወንዝ ውስጥ ገባ። ወንዙ ቀላ፤ ኢል የሚባለው ዓሣ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት አለቀ። ከባዝል በታች ወንዙ የሚያልፍባቸው ጀርመን፣ ፈረንሳይና ኔዘርላንድ ናቸው። ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው የመጠጥ ውኃውን የሚያገኘው ከራይን ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ከባዝል ዝቅ ብላ በምትገኘው የጀርመን ከተማ በዋይል አም ራይን፣ ስዊዘርላንድና ጀርመን በጋራ የሚያስተዳድሩት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቦታ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር በወንዙ ስፋት ላይ በአምስት ነጥቦች ያለማቋረጥ ይሳባል፤ ምክንያቱም ከአንዱ ዳርቻ የገባ ፍሳሽ ከሌላው ዳርቻ ውኃ ጋር ሳይደባለቅ ረጅም መንገድ ሊሄድ ይችላል። ጣቢያው ያልተለመደ ነገር ሲያይ መልእክቱ በራይን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት በኩል ወደ ታች ይተላለፋል፤ ከታች ያሉ የውኃ ድርጅቶችም ብክለቱ ከመድረሱ በፊት መሳቢያቸውን ይዘጋሉ። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ ሕዝቦች መካከል ያለ መተማመን ከቃል ኪዳን በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሁሉም የሚያምነው መለኪያ ነው።

ግማሽ ሊትር ውኃ ከቤርሙዳ

ባሕር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ዳርቻ የለም፤ ባትሪ የሚቀይር ሰው አይመላለስም፤ የሚለካው መጠን ከወንዙ በመቶና በሺህ እጥፍ ያንሳል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤድዋርድ ቦይል ቡድን ለዚህ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2002 አሠራሩን ያሳተመው መሣሪያ፣ ምህንድስናው እንዲቀል ተብሎ ብዙ የታሰበበት ነው። ማይቴስ ይባላል። በመልሕቅ በተያዘ ገመድ ላይ ታስሮ ለወራት ባሕር ውስጥ ይቆያል፤ በላዩ እስከ 12 የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው 500 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ጠርሙሶች አሉት። እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ሞተርና የራሱ ሰዓት ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ፓምፕ የለውም። ጠርሙሱ ወደ ባሕር የሚወርደው ቀጭን አሲድ በተቀላቀለበት ንጹሕ ውኃ ተሞልቶ ነው፤ ስለዚህ በጉዞና በጥበቃ ጊዜ ሁሉ ውስጡ እየታጠበ ይቆያል። የተቀጠረው ቀን ሲደርስ ትንሿ ሞተር ክዳኑን ታዞረዋለች። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ይከብዳል፤ ወደ ጠርሙሱ ይሰምጣል። ውስጥ የነበረው ቀላል ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ልውውጡ በራሱ ይፈጸማል፤ ክዳኑም መልሶ ይዘጋል። በዙሪያው መርከብ የለም፤ ዝገት የለም፤ የሰው እጅ የለም።

እንዲህ ካሉ መሣሪያዎችና ቤርሙዳ አካባቢ ለዓመታት በንጹሕ ዘዴ ከተቀዱ ናሙናዎች የተገኘው ታሪክ ልብ የሚያሞቅ ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ቀስ በቀስ ስታስወግድ በላይኛው የአትላንቲክ ውኃ ውስጥ ያለው እርሳስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በብዙ እጥፍ ቀነሰ። በከተሞች የተወሰነ ውሳኔ በውቅያኖስ መካከል ታየ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ይህን ቤንዚን ትተዋል፤ በመጨረሻ አልጄሪያ በ2021 ስታቆም፣ ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ጠፋ። ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ስላረፈ ይህን አላየም። የታገለለት ነገር ግን በሕዝብ ጤና ታሪክ ከታላላቆቹ ድሎች አንዱ ሆኗል።

ንጹሕ ናሙና ብክለትን ብቻ አይደለም ያሳየው። በካሊፎርኒያ የሞስ ላንዲንግ የባሕር ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ጆን ማርቲን፣ ለዕፀዋት የሚሆን ሌላ ምግብ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ጥቃቅን የባሕር ዕፀዋት በብዛት የማይበቅሉባቸው ሰፋፊ ውኃዎች ለምን እንዳሉ ሲጠይቅ፣ መልሱ የብረት እጥረት መሆኑን ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርቲን በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ ጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ ባሕር ላይ ብረት ተጨምሮ ሐሳቡ ተፈተነ፤ ዕፀዋቱም በቀሉ። በቆሸሸ ጠርሙስ ዘመን ይህን ጥያቄ እንኳ መጠየቅ አይቻልም ነበር፤ ብረት በየጠርሙሱ ሞልቶ ይታይ ነበርና። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2010 ዋና ጉዞዎቹን በጀመረው ጂኦትሬስስ በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም፣ ከብዙ አገሮች የተነሡ መርከቦች ብረት በሌለው ገመድ ጠርሙሶችን እያወረዱ የውቅያኖሶችን የብረታ ብረት ካርታ ይሠራሉ።

ኤሌክትሪክ የማይሹ

ሁሉም መሣሪያ ሞተርና ባትሪ አያስፈልገውም። በሞንተሬይ ቤይ የባሕር ምርምር ተቋም የሠራው ሃንስ ጃናሽና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ኦስሞ ሳምፕለር ጉልበቱን የሚያገኘው ከጨው ነው። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ በጨው ሲታሽ ውኃውን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በስስ ገለፈት በአንድ ወገን የተሞላው ጨው ከሌላው ወገን ያለውን ንጹሕ ውኃ ወደራሱ ይስባል። ይህ ስበት ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ የባሕሩን ውኃ ወደ አንድ ቀጭንና በመቶዎች ሜትር ወደሚረዝም የተጠቀለለ ቱቦ ያስገባል። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የገባውና ኋላ የገባው ውኃ ብዙም አይደባለቁም። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ መሣሪያው ሲወጣ ቱቦው ቁርጥራጭ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የጥቂት ቀናት ውኃ ይዟል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ከዚህም የቀለለ አለ። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ዴቪሰንና ሃኦ ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቁት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዲጂቲ የሚባል መሣሪያ በመዳፍ የሚያዝ የፕላስቲክ ቁልፍ ነው። ፊቱ ላይ ስስ ጄል አለ፤ ከጄሉ ጀርባ ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ሙጫ። ወንዙ ውስጥ ታስሮ ለቀናት ይተዋል። በውኃው የሟሟው ብረታ ብረት በጄሉ ውስጥ በታወቀ ፍጥነት አልፎ ሙጫው ላይ ይጠራቀማል። የጄሉ ውፍረት፣ የውኃው ሙቀትና የቆየበት ጊዜ ስለሚታወቅ፣ ከተጠራቀመው ተነሥቶ የእነዚያን ቀናት አማካይ መጠን ማስላት ይቻላል። ሌሊቱም ቀኑም በሒሳቡ ውስጥ ገብቷል።

ማሽን ቢሆንም ንጹሕ አይደለም

ስለ መሣሪያዎቹ በጎነት ይህን ያህል ካልኩ ድካማቸውንም መናገር ግዴታ ነው። ለብረታ ብረት የሚሆን ናሙና ወዲያው መጣራት፣ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ገብቶበት መቀመጥ አለበት። ካልሆነ የሟሟው ብረታ ብረት ከደለሉ ወይም ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ቁጥሩም ሳይለካ ይቀንሳል። ተራው የወንዝ ዳር ማሽን ግን ድፍርሱን ውኃ እንደተቀዳ ይዞት ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ አጠቃላዩን ብረታ ብረት ለማወቅ ጥሩ ነው፤ የሟሟውን ለይቶ ለማወቅ ግን የማጣሪያ ክፍል ያለው ማሽን ወይም ቶሎ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሜርኩሪ ደግሞ ተራውን ፕላስቲክ አልፎ ስለሚገባና ስለሚወጣ የተለየ ጠርሙስ ይሻል።

ቱቦው ውስጥ አልጌ ይበቅላል፤ ጎርፍ አፉን በደለል ይደፍነዋል፤ ባትሪው ይደክማል። ማሽኑ ራሱ ብክለት አለመጨመሩን ለማወቅ በየጊዜው እጅግ የተጣራ ውኃ በውስጡ ማሳለፍና ያንን እንደ ናሙና መለካት ግድ ነው። ይህ «ባዶ ናሙና» የሚባለው ምንም ሊገኝበት የማይገባ ነው፤ ከተገኘበት የዚያ ሳምንት መዝገብ ሁሉ ይመረመራል። ማሽን የሚተካው ወንዝ ዳር የሚያድረውን ሰው ነው፤ የሚጠነቀቀውን ሰው አይተካም።

ባሕር የማያይ ወንዝ

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዳርቻቸው ለአሥርት ዓመታት ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በወንዙ ውኃ እየለማ ለከተማዋ ገበያ ቀርቧል። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት የመረመረ ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላም ብዙ ተመራማሪዎች ውኃውን፣ አፈሩንና አትክልቱን ለክተዋል። ሞጆ ላይ ደግሞ ክሮሚየም የሚጠቀሙ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ የሞጆ ወንዝ የሚገባው ቆቃ ግድብ ነው።

ተረታችን ዓባይን ማደሪያ የሌለው፣ ግንድ ይዞ የሚዞር ይለዋል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ብረታ ብረቱ አይተንም። በጉዞው ከደለል ጋር በግድቦችና በመስኖ መሬቶች ላይ እየተቀመጠ፣ የቀረውም መጨረሻው ላይ ይጠራቀማል። ወደ ውቅያኖስ የሚሄድ ወንዝ የተሸከመውን የሚያራግፍበት አለው፤ አዋሽ የተሸከመው ሁሉ የሚቀረው እዚሁ ከሰውና ከከብት ጋር ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለሕፃናት አደጋ የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ከተናገረ ቆይቷል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኬሚስትሪ ክፍሎች ብረታ ብረት የመለካት ልምድና እውቀት አለ። የሚጎድለው ቀጣይነት ያለው ናሙና ነው። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት በደረቅ ወቅት፣ በቀን፣ በጥቂት ጠርሙሶች ይሠራል፤ የሚቀጥለው ተማሪ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ቦታ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ ወንዙ ተሻሻለ ወይስ ሰዓቱ ተለየ ማን ይመልሳል? አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ሌሊት ወይም ዶፍ ሲወርድ ቢለቅ በዚህ አሠራር ማስረጃ የሚኖረው ማንም የለም። የሚጎዳው ገበሬ ቅሬታ ይኖረዋል፤ ቁጥር ግን አይኖረውም። ንጹሕ የሆነ ፋብሪካም በጅምላ ሲወቀስ ራሱን የሚያስመሰክርበት መረጃ የለውም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ባትሪ የማያስፈልጋቸውን የፕላስቲክ ቁልፎች በአቃቂና በሞጆ ላይ በቋሚ ቦታዎች፣ ዓመቱን ሙሉ በተከታታይ ማሰር ይቻላል። ጥቂት አውቶማቲክ ማሽኖችን ደግሞ ወሳኝ በሆኑ ነጥቦች፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ከመግባቱ በፊት፣ ሞጆ ቆቃ ከመድረሱ በፊት፣ አዋሽም ከቆቃ ሲወጣ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የወንዙ ከፍታ ሲጨምር እንዲነቁ አድርጎ መትከል። ማሽኑን የሚጠብቁት ደመወዝ የሚከፈላቸውና የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ፤ ሌባም ጎርፍም የሚመለሰው ባለቤት ባለበት ነው። ባዶ ናሙናዎቹ አይዘለሉ። ውጤቱም በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ሳይቆለፍ በየወሩ ለሁሉም ይታተም፤ ለገበሬውም፣ ለፋብሪካውም፣ ቆስጣ ለሚገዛውም ሰው።

ራይን ላይ ያሉ ሕዝቦች ይህን የተማሩት ወንዛቸው ቀልቶ ዓሣቸው ካለቀ በኋላ ነው። እኛ የእነርሱን ትምህርት በነፃ አግኝተናል። በአቃቂና በአዋሽ ውኃ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች ወንዙ በሃያ አራቱ ሰዓት ምን እንደሚያመጣላቸው የማወቅ መብት አላቸው፤ ይህን መብት ለማክበር የሚያስፈልገው ዘዴ ተፈጥሯል፣ ተፈትኗል፣ ዋጋውም በጤና ከምንከፍለው ያነሰ ነው። የቀረው መወሰን ነው፤ ለመጪው ክረምትም ሊደርስ ይችላል።